ቻርቱ ሲያምር ካልኩሌተሩን ያውጡ

ካርቱም መሐል ከተማ፣ ሱቅ አል-ዐረቢ አካባቢ፣ ሱዳኖች «የወርቅ ሕንፃ» የሚሉት የነጋዴዎች መናኸሪያ ይታወቅ ነበር። ኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት እዚያ ገብቶ ዋጋ የጠየቀ ሰው ሁለት ቁጥር ይሰማ ነበር፤ የአንድ አውንስ ወርቅ የዓለም ዋጋ በዶላር፣ የ21 ካራት ግራም ደግሞ በሱዳን ፓውንድ። በካርቱም ዴም ወይም ጅሬፍ ሰፈር ኖሮ ከደመወዙ ቆጥቦ ለእናቱ ሐብል የገዛ ሐበሻ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ዛሬ ግን ወርቁን በእጁ ሳይነካ በስልኩ የሚገዛና የሚሸጥ ወጣት በዝቷል። በቴሌግራም አንድ ሥዕል ይደርሰዋል፤ መስመሮቹ ባለቀለም ናቸው፣ ሦስት ማዕዘኖቹ ያምራሉ፣ ከላይ «ሃርሞኒክ ፓተርን» ከሥር «ግዛ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያንን ሥዕል ከማመንዎ በፊት በካልኩሌተር እንዴት እንደሚፈትኑት እነሆ። ፈተናው ከአራቱ መደበኛ ስሌቶች የሚያልፍ ሒሳብ የለበትም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ቻርቱም የሚያሳየው እሱን ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የካልኩሌተሩ ትልቁ ጥቅም «ይሄን ተወው» ማለቱ ነው። ከሚደርስዎ ሥዕል አብዛኛውን ይጥላል። ያሳለፈው ሥዕል ደግሞ ገና ብዙ ጥያቄ ይቀረዋል።

ሥዕሉ ራሱ

ሃርሞኒክ ፓተርን አምስት ነጥብ፣ በመካከላቸውም አራት ጉዞ አለው። ነጥቦቹ ኤክስ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ይባላሉ። ዋጋው ከኤክስ እስከ ኤ ረጅም ጉዞ ያደርጋል፤ ከኤ ወደ ቢ በከፊል ይመለሳል፤ ከቢ ወደ ሲ እንደገና ወደ ኤ አቅጣጫ ያቀናል፤ ከሲ ወደ ዲ ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል። ነጋዴው የሚጠብቀው ዲን ነው፤ ዋጋው እዚያ ላይ ፊቱን ያዞራል ብሎ ያስባል። ለመግዛት የሚፈለገው ሥዕል ሐመሩ ሐን ይመስላል፤ በቀኝ እግሩ ወርዶ ዲ ሲደርስ ይገዛል። ለመሸጥ የሚፈለገው ንጉሡ ሠን ይመስላል፤ በቀኝ ክንዱ ወጥቶ ዲ ሲደርስ ይሸጣል።

ሥዕሉን መጀመሪያ ያወጣው ኤች. ኤም. ጋርትሊ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በ1935 ባሳተመው የአክሲዮን ገበያ መጽሐፉ ገጽ 222 ላይ ይገኛል። ዛሬ የምናያቸው ዝርዝር ሬሾዎች ያኔ አልነበሩበትም። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ላሪ ፔሳቬንቶና ስኮት ካርኒ ናቸው ያስገቡለት። በተለይ ካርኒ ለእያንዳንዱ ሥዕል ጠበብ ያለ ልክ ወሰነ፤ ባትና ክራብ የሚባሉትንም ጨመረ። ቁጥሮቹ በፊቦናቺ ስም ይጠራሉ። ፊቦናቺ፣ የፒሳው ሊዮናርዶ፣ የሕንድና የዐረብ አኃዝ ሒሳብን በልጅነቱ የተማረው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በዛሬዋ አልጄሪያ ቤጃያ ወደብ ነው፤ በ1202 የጻፈው መጽሐፍም በነጋዴ ሒሳብ የተሞላ ነው። ስለ ወርቅ ቻርት ግን ምንም አልተናገረም። ስሙን እየጠሩ ሲግናል (የ«ግዛ»ና የ«ሽጥ» ምልክት) የሚሸጡልዎ ሰዎች ይህን አይነግሩዎትም።

የቁጥሮቹን ዝምድና ለማየት ስልክዎ ላይ 0.618 ብለው የካሬ ሥር ምልክቱን ይጫኑ፤ 0.786 ይመጣል። ደግመው ቢጫኑ 0.886 ገደማ ያገኛሉ። 1ን ለ0.618 ቢያካፍሉ 1.618፣ የእሱም ካሬ ሥር 1.27 ነው። ከታች የሚመጣውን ሠንጠረዥ በቃል ለመያዝ ይህ ይረዳል።

መጀመሪያ ቻርቱን ይምረጡ

ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከስሌቱ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ካልኩሌተር የሰጡትን ቁጥር ያሰላል እንጂ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

የሱዳን ፓውንድን ይፋዊ ምንዛሪ እንመልከት። በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2021 የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ ምንዛሪውን ሲያስተካክል አንድ ዶላር ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ፓውንድ በአንድ ቀን ዘለለ። ቻርቱ ላይ ይህ አንድ ጠፍጣፋ መስመርና አንድ ግድግዳ ሆኖ ይታያል። የእኛም ብር ከዚህ አይርቅም፤ በጁላይ 29 ቀን 2024 ለገበያ ሲለቀቅ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላሩን ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ አደረሰው። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ኤክስና ኤ ብሎ ነጥብ መትከል የባንክን ውሳኔ በፊቦናቺ ለመተንበይ መሞከር ነው። ሱቅ አል-ዐረቢ ቆመው ይመነዝሩ የነበሩ ሰዎች ዋጋም አይሆንም፤ ያ ዋጋ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ስለነበረ የቀኑን ትክክለኛ ከፍታና ዝቅታ መዝግቦ የያዘ ቻርት የለውም።

የግራም ወርቅ ዋጋ በፓውንድ ደግሞ የበለጠ ያታልላል። ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው፤ 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ፣ ማለትም 0.875 ንጹሕ ወርቅ ነው። አውንሱ 2,000 ዶላር ቢሆን፣ 2,000 ሲካፈል ለ31.1፣ ሲባዛ በ0.875፣ የግራሙ ዋጋ 56.27 ዶላር ይሆናል። ዶላሩ 400 ፓውንድ ነው እንበል፤ ግራሙ 22,500 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። የዓለም ወርቅ ሳይነቃነቅ ዶላሩ 600 ቢገባ ያው ግራም ወደ 33,760 ይወጣል። በዚህ ቻርት ላይ የሚያዩት «ከፍታ» የፓውንዱ መውደቅ ነው፤ ወርቁ እንቅልፉን ተኝቷል።

ስለዚህ ሃርሞኒክ የሚፈተነው በሥራ ቀናት ቀንና ሌሊት በሚገበያይ፣ ገዢና ሻጭ በበዛበት ገበያ ላይ ነው። ወርቅ በዶላር፣ ዩሮ በዶላር፣ የመሳሰለው። ከ1995 ጀምሮ የሠራው የካርቱም የአክሲዮን ገበያም ሆነ በጃንዋሪ 2025 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ለዚህ አይመቹም። ነውር ኖሮባቸው አይደለም፤ ጥቂት ግብይት ያለበት ዋጋ በአንድ ሰው ትእዛዝ ብቻ ብድግ ቁጭ ስለሚል ነው።

ነጥቦቹን በወረቀት ይጻፉ

ቻርቱን ይክፈቱና የአራት ሰዓት ወይም የአንድ ቀን ካንድል (የዚያን ጊዜ መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ዘንግ) ያድርጉት። የደቂቃ ካንድል ላይ ሥዕሉ በየቦታው ስለሚታይ ምንም አይነግርዎትም። ከዚያ የአምስቱን ነጥቦች ዋጋ በወረቀት ይጻፉ፤ ዲ ገና ካልደረሰ አራቱን።

አንድ ሕግ ይያዙ፦ ወይ ሁልጊዜ የካንድሉን ጭራ ጫፍ (የደረሰበትን ከፍታ ወይም ዝቅታ)፣ ወይ ሁልጊዜ የመዝጊያውን ዋጋ ይጠቀሙ። ኤክስን ከጭራ ጫፍ፣ ቢን ከመዝጊያ የሚያነብ ሰው የፈለገውን ሬሾ ማምጣት ይችላል። የካርኒ ተከታዮች የጭራውን ጫፍ ይወስዳሉ፤ እዚህም እሱን ይዘናል።

ዋጋዎቹን ሲጽፉ የሥዕሉን ስም አይጻፉ። «ጋርትሊ ነው» ብለው ከጀመሩ ዓይንዎ 0.618 እስኪመጣ ድረስ ነጥቡን ከካንድል ወደ ካንድል ያዛውረዋል። ቁጥሩ ተሰልቶ ካለቀ በኋላ ስሙ ከሠንጠረዡ ይወጣል። ከጠፋም ይጥፋ።

ስሌቶቹ

ትሬዲንግቪው በተባለው የቻርት መድረክ ላይ አምስቱን ነጥቦች ሲነኩ ሬሾዎቹን ራሱ የሚጽፍ መሣሪያ አለ። አራት ዋጋ አስገብተው ዲን የሚነግርዎ ካልኩሌተርም ከመተግበሪያ መደብር ይገኛል። ይጠቀሙባቸው፤ ግን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች በእጅዎ ያስሉ። መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው ስሕተቱንም አያውቅም።

የየጉዞውን ርዝመት በመቀነስ ያግኙ። ከትልቁ ዋጋ ትንሹን ይቀንሱ፤ አቅጣጫው ለጊዜው አያስፈልግም። ከዚያ፦

የኤ–ቢ ርዝመት ሲካፈል ለኤክስ–ኤ ርዝመት። ይህ የቢ ሬሾ ነው።
የቢ–ሲ ርዝመት ሲካፈል ለኤ–ቢ። ይህ የሲ ሬሾ ነው።
የሲ–ዲ ርዝመት ሲካፈል ለቢ–ሲ። ይህ ሁልጊዜ ከ1 መብለጥ አለበት።
ከኤ እስከ ዲ ያለው ርዝመት ሲካፈል ለኤክስ–ኤ። ይህ የዲ ሬሾ ነው፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው።

ሠንጠረዡ እንዲህ ነው። በአራቱም ሥዕሎች የሲ ሬሾ ከ0.382 እስከ 0.886 መሆን አለበት።

ጋርትሊ፦ ቢ 0.618፤ ዲ 0.786፤ ሲ–ዲ ከቢ–ሲ አንጻር ከ1.27 እስከ 1.618።
ባት፦ ቢ ከ0.382 እስከ 0.50፤ ዲ 0.886፤ ሲ–ዲ ከ1.618 እስከ 2.618።
በተርፍላይ፦ ቢ 0.786፤ ዲ 1.27፣ ማለትም ኤክስን አልፎ፤ ሲ–ዲ ከ1.618 እስከ 2.24።
ክራብ፦ ቢ ከ0.382 እስከ 0.618፤ ዲ 1.618፤ ሲ–ዲ ከ2.618 እስከ 3.618።

በዳር ዳር ቁጥሮች ላይ መጻሕፍት ይለያያሉ። ችግር የለውም፤ አንዱን ሠንጠረዥ መርጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ገንዘብ ካስገቡ በኋላ አይቀይሩት። ነጠላ ቁጥር ላለባቸው ቦታዎች ምን ያህል መዛነፍ እንደሚፈቅዱም አሁኑኑ ይወስኑ። እኔ 3 በመቶ እመርጣለሁ፤ 0.618 ከ0.60 እስከ 0.637፣ 0.786 ደግሞ ከ0.762 እስከ 0.81 ድረስ ይቀበላል ማለት ነው። 10 በመቶ የሚፈቅድ ሰው የጋርትሊንና የባትን ዲ መለየት ይቸግረዋል።

በእውነተኛ ወርቅ ላይ ሲሠራ

ከ2020 እስከ 2022 ያለውን የወርቅ ቻርት ይክፈቱ፤ ንጉሡ ሠን የመሰለ ግዙፍ ሥዕል ያያሉ። የብሮከርዎ (የአገበያይዎ) ቁጥር በጥቂት ዶላር ሊለይ ይችላል። በኦገስት 2020፣ በወረርሽኙ ዘመን፣ አውንሱ 2,072 ዶላር ገደማ ደረሰ፤ እሱን ኤክስ እንበለው። በማርች 2021 ወደ 1,676 ወረደ፤ ኤ። በጁን 1,916 ገደማ፤ ቢ። በኦገስት 9 ቀን 2021 ገበያው ገና ሲከፈት ባልታሰበ ቁልቁለት 1,684 ነካ፤ ሲ። በማርች 8 ቀን 2022፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ 2,070 ገደማ ወጣ፤ ዲ።

በዓይን ሲታይ ሥዕሉ ያምራል። እስቲ እናስላው።

ኤክስ–ኤ 396 ዶላር ነው። ኤ–ቢ 240። 240 ለ396 ሲካፈል 0.606። በ3 በመቶ መዛነፍ ለጋርትሊ ያልፋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ካልኩሌተሩን ዘግቶ ይሸጣል።

ቢ–ሲ 232። ለ240 ሲካፈል 0.967። ወደቀ። ሲ ወደ ኤ በጣም ቀርቧል።

ዲ ገና ሳይደርስ፣ ሲ ላይ ሆነን ዲ የት ይሆናል ብለን ብንጠይቅስ? ጋርትሊ ከሆነ 396 ሲባዛ በ0.786፣ 311 ይሆናል፤ ከ1,676 ጋር ሲደመር 1,987። ኤ–ቢ እና ሲ–ዲ እኩል ይሆናሉ የሚል ሁለተኛ መለኪያም አለ፤ እሱ ደግሞ 1,684 ላይ 240 ደምሮ 1,924 ይሰጣል። በሁለቱ መካከል 63 ዶላር አለ። ጥሩ ሥዕል ላይ እነዚህ ቁጥሮች ተቀራርበው አንድ ጠባብ ቀጠና ይሠራሉ፤ እዚህ ተራርቀው ቆሙ። ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

በመጨረሻ ዲ 2,070 ሲደርስ የዲ ሬሾ 394 ለ396፣ 0.995 ሆነ። ይህ ጋርትሊም ባትም አይደለም። ዋጋው ወደ ቀድሞው ጣሪያ ተመልሶ መምታቱ ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። ከዚያ በኋላ ወርቅ ወረደ፤ በሴፕቴምበር 2022 ወደ 1,615 ደርሶ ነበር። በ1,987 የሸጠ ሰው 80 ዶላር ገደማ ከሥሮ፣ ስቶፑ (ኪሳራውን የሚቆርጠው ትእዛዝ) ከ2,072 በላይ ከነበረ ሳይነካ ተርፎ፣ በስተኋላ ያተርፍ ነበር። ታዲያ ካልኩሌተሩ ተሳሳተ? አልተሳሳተም። የተጠየቀው «ይህ ጋርትሊ ነው ወይ?» ነው፤ መልሱም «አይደለም» ነው። ወርቅ ይውረድ አይውረድ አልተጠየቀም፤ ሊያውቅም አይችልም። ወርቁን ያወረደው በዚያ ዓመት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ በፍጥነት ማሳደጉና የዶላር መጠንከር ነው፤ ሁለቱም ከአምስት ነጥብ ውስጥ አይነበቡም።

የሚያልፍ ሥዕል ምን ይመስላል

ለልምምድ ቁጥሮቹን እኔ ላውጣ፤ የየትኛውም ቀን ዋጋ አይደሉም። ኤክስ 1,900፣ ኤ 2,000፣ ቢ 1,938፣ ሲ 1,976። ዲ ገና አልደረሰም። ቅርጹ ሐመሩ ሐ ነው፤ ለመግዛት።

ኤክስ–ኤ 100፣ ኤ–ቢ 62፤ የቢ ሬሾ 0.62። ቢ–ሲ 38፤ የሲ ሬሾ 0.613። ሁለቱም አለፉ። አሁን ዲን ከሦስት አቅጣጫ ይፈልጉ። ከ2,000 ላይ 78.6 ሲቀነስ 1,921.4። ከሲ ላይ 38 ሲባዛ በ1.27፣ ማለትም 48.3 ሲቀነስ 1,927.7፤ በ1.618 ከሆነ 61.5 ተቀንሶ 1,914.5። ኤ–ቢ እና ሲ–ዲ እኩል ከሆኑ ደግሞ 1,976 ሲቀነስ 62፣ 1,914። ቀጠናው ከ1,914 እስከ 1,928 ነው፤ ዋናው ቁጥር 1,921 መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ሥዕል አለፈ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ዋጋው ቀጠናው ውስጥ እንደገባ ወዲያው አይግዙ። ቢያንስ አንድ የአራት ሰዓት ካንድል እዚያው ውስጥ ወርዶ ከመክፈቻው በላይ ሲዘጋ ይዩ። በዚህ መጠበቅ ሁለት ሦስት ዶላር ያጡ ይሆናል፤ በምላሹ ቀጠናውን እንደ ወረቀት በጥሶ ከሚያልፍ ቁልቁለት ይድናሉ።

ኪስዎ ይችለዋል?

ሥዕሉ አልፏል፤ አሁን ራስዎን ያስሉ። በ1,921 ገዙ እንበል። ስቶፕ ሎሱ ከኤክስ በታች፣ 1,897 ላይ ይቀመጣል። ሥዕሉ ከተበላሸ በአውንስ 24 ዶላር ያጣሉ። የመጀመሪያው ግብ ከኤ እስከ ዲ ካለው ርዝመት 0.382 ነው፤ 79 ሲባዛ በ0.382፣ 30 ዶላር፤ ማለትም 1,951። 30 ለማግኘት 24 ያስይዛሉ። 24ን ለ54 ያካፍሉ፤ 0.444። ስፕሬዱን (የመግዣና የመሸጫ ዋጋውን ልዩነት) ሳንቆጥር፣ ከ100 እንዲህ ያለ ንግድ ቢያንስ 45ቱን ካላሸነፉ እየከሠሩ ነው። ይህን ቁጥር ማስታወሻዎ ላይ በትልቁ ይጻፉት።

ቀጥሎ ሎት፣ ማለትም የንግዱ መጠን። በአብዛኛው ብሮከር ዘንድ አንድ ሎት ወርቅ 100 አውንስ ነው፤ ትንሹ 0.01 ሎት 1 አውንስ። ስለዚህ በትንሹ ሎት እንኳ ስቶፑ ሲነካ 24 ዶላር ይሄዳል። አካውንትዎ ላይ ያለው 500 ዶላር ከሆነ 24 ዶላር 4.8 በመቶ ነው። በአንድ ንግድ ከ1 በመቶ በላይ አላስይዝም ያለ ሰው ለዚህ ሥዕል 2,400 ዶላር ያስፈልገዋል፤ 2 በመቶ ለሚፈቅድ 1,200። በ500 ዶላር ይህ ንግድ አይነካም። ስቶፑን ወደ 1,916 አስጠግቶ «አሁን በቃኝ» ማለትም አያዋጣም፤ ስቶፑ የሚቀመጠው ሥዕሉ በሚፈርስበት ቦታ እንጂ ኪስ በሚፈቅደው ቦታ አይደለም።

ብሮከሩ ግን ይፈቅድልዎታል። በ1 ለ100 ሌቨሬጅ (ብሮከሩ በሚያበድረው አቅም) ለዚያ አንድ አውንስ የሚይዝብዎ 19 ዶላር ብቻ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ገና ብዙ ገንዘብ ያለዎት ይመስላል። ከከሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ የወደቁት እዚህ ላይ ነው፤ ሬሾውን በትክክል አስልተው፣ ሎቱን ሳያስሉ።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ካርቱም ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው አዲስ አበባ ካለው የሚለይበት ነገር አለ። በጁን 2019 በወታደራዊ ዋና መምሪያው ደጅ የነበረው ተቃውሞ በኃይል ሲበተን ኢንተርኔቱ ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ። በኦክቶበር 25 ቀን 2021 መፈንቅለ መንግሥት ጊዜም ለሳምንታት ጠፋ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አብዛኞቹ የአገሪቱ የስልክ መስመሮች ተቋረጡ። ስለዚህ ሦስት ነገር ይልመዱ። ስሌቱን ያለ ኢንተርኔት በስልክ ካልኩሌተር ወይም በወረቀት ይጨርሱ። ስቶፕ ሎሱንና ግቡን ከግዢው ትእዛዝ ጋር አብረው ያስገቡ፤ ያኔ በብሮከሩ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጡ ስልክዎ ቢጠፋም ይሠራሉ። «ቆይቼ በእጄ እዘጋዋለሁ» የሚሉት ንግድ ካለ አይክፈቱት። መብራት በሚጠፋበት ከተማ እጅ አይታመንም።

ሰዓቱንም ያስተካክሉ። ሱዳን ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ የቻርቱ ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ የብሮከሩ ሰርቨር ሰዓት ነው። የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት ብዙውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ አርብ ይወጣል፤ በአሜሪካ በጋ በካርቱም ሰዓት 14:30፣ ያው የካርቱም ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:30 ነው፤ በክረምታቸው አንድ ሰዓት ይዘገያል። አርብ ካርቱም የዕረፍት ቀን ስለሆነ ብዙ ሰው ስልኩን ይዞ የሚቀመጠው በዚያው ሰዓት ነው። ዲ ሪፖርቱ በሚወጣበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከወደቀ ሥዕሉን ይተዉት፤ ስፕሬዱ ይሰፋል፣ ስቶፑም ካስቀመጡት ዋጋ ርቆ ሊዘጋ ይችላል።

ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት

አሜሪካ በሱዳን ላይ ጥላው የነበረውን ሰፊ የኢኮኖሚ ማዕቀብ በኦክቶበር 2017 ብታነሣም በሱዳን አድራሻ አካውንት የማይከፍቱ ብሮከሮች ዛሬም አሉ። ይህን ለማለፍ በዘመድ ስም ወይም አገር በሚደብቅ መተግበሪያ አካውንት የሚከፍት ሰው ይገጥማል። ማስገባቱ ይቀላል፤ ለማውጣት ሲጠይቅ ግን መታወቂያና የመኖሪያ ማስረጃ ይጠየቃል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። የብሮከሩን ፈቃድ ፈቃዱን ሰጠሁ ከሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ራስዎ ያረጋግጡ፤ ብሮከሩ የላከልዎትን ሊንክ አይከተሉ። ሙስሊም አንባቢ ከሆኑ ሌሊት ለሚያድር ንግድ ወለድ የማይቆርጥ አካውንት መኖሩን ይጠይቁ፤ በወለዱ ምትክ ምን ክፍያ እንዳለም ጭምር።

ከዚያ በዲሞ (የልምምድ) አካውንት ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ሥዕል አምስቱን ዋጋ፣ አራቱን ሬሾ፣ ያለፈ ወይም የወደቀ መሆኑን፣ ውጤቱንም ይመዝግቡ። የወደቁትንም አይተዉ፤ ያለፉት ከወደቁት የተሻለ ውጤት ካላመጡልዎ ሠንጠረዡ በእርስዎ እጅ ምንም አልሠራም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ በዲሞ ማወቅ በነፃ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። «እኔ ሃርሞኒክ አውቃለሁ፣ ገንዘብህን ስጠኝ፣ በወር ይህን ያህል እከፍልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣብዎ፣ የሀገር ልጅም ቢሆን፣ በሐዋላ የላከልዎት ዘመድም ቢሆን፣ የመጨረሻዎቹን ንግዶቹን አምስት አምስት ነጥብ በወረቀት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁትና ከፊቱ ቁጭ ብለው ያስሉት። መጻፍ ካልፈለገ ገንዘብዎን አይስጡት።